ጀማሪው ማን ነው? የጀማሪዎች የኮምፒውተር መጽሐፍ አንባቢውን የመረጠበት ታሪክ፣ 1951–1991



ዛሬ የምናገረው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብዙ ክብር ስለማይሰጠው የመጽሐፍ ዓይነት ነው፤ ለጀማሪዎች ስለተጻፈው የኮምፒውተር መጽሐፍ። ዕድሜው አጭር ነው። የሚያስተምረው ማሽን ሲያረጅ አብሮት ያረጃል፤ አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌው ወደ መጋዘን ይወርዳል። የማሽኖቹንና የፈልሳፊዎቹን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም እምብዛም አይፈልጉትም። ይሁን እንጂ እነዚህ መጻሕፍት ሌላ ሰነድ የማይነግረንን ነገር ይነግሩናል ብዬ አምናለሁ። ለጀማሪ የሚጽፍ ሰው ገና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲያቅድ፣ ኮምፒውተር ለማን እንደተገባ የሚያምነውን ለመግለጥ ይገደዳል። የትኛውን ቃል ያብራራል? የትኛውን እንደታወቀ ቆጥሮ ያልፋል? የመጀመሪያው ምሳሌ የሒሳብ ቀመር ይሁን፣ ጨዋታ ይሁን ወይስ ደብዳቤ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሁሉ ስለ አንባቢው የተሰጠ ፍርድ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጽፍ የተነሣ ሰው «ለማን ነው የምትጽፈው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ለማንኛውም ጀማሪ» ብሎ መመለስ ይቀናዋል። የመከራከሪያ ነጥቤ ይህ ነው፦ «ማንኛውም ጀማሪ» የሚባል ሰው የለም። በዚህ ዘርፍ አዲስ መንገድ የከፈቱት መጻሕፍት አንድን የታወቀ ሰው መርጠው ሌላውን እያወቁ ትተዋል። ምርጫቸውም በሦስት ጥያቄዎች ሊመረመር ይችላል። አንባቢው መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ምን ያውቃል? ሲቸግረው ከአጠገቡ ማን አለ? አንብቦ ሲጨርስ ምን ሊያደርግ ይፈልጋል?

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የፊደል ገበታን አስቡ። ገበታው ራሱ አንዳች ማብራሪያ የለውም፤ ፊደላቱን በተራ ደርድሮ ዝም ይላል። ያም ጉድለት ሆኖበት አያውቅም፤ ምክንያቱም የተዘጋጀው የኔታ ከጎኑ ለተቀመጠ ልጅ ነው። ያንኑ ገበታ መምህር ለሌለው ሰው ብንሰጠው ግን ከሥዕል አይለይበትም። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ለጀማሪ የሚመች መሆኑን ከመጽሐፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ አንባቢው የተቀመጠበትን ቦታም ማየት ያስፈልጋል። ይህን ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያስኬደው ግንቦት 6 ቀን 1949 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ማሽኑን የሠሩትና የተጠቀሙበት ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል በፕሮግራም አጻጻፍ ላይ ያዘጋጁት መጽሐፍ በአሜሪካ ታተመ። በዘርፉ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተደርጎ ይቆጠራል። በጊዜው ከማሽኑ ሠሪዎች በቀር ሁሉም ጀማሪ ስለነበረ፣ ይህም የጀማሪዎች መጽሐፍ ነበር ማለት ይቻላል። ጀማሪው ግን ተራ ሰው አልነበረም። እጅግ ረጅም ስሌት የተደቀነበት የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። ቀመሩን ያውቀዋል፤ ያላወቀው ማሽኑን እንዴት እንደሚያዝዘው ነው።

የመጽሐፉ አወቃቀር ይህን አንባቢ ይመስላል። ደራሲዎቹ ሰፊ ቦታ የሰጡት ቀደም ብለው ተጽፈው በወረቀት ጥብጣብ ላይ ተበስተው ለተቀመጡ አጫጭር ፕሮግራሞች ስብስብ ነበር። ተመራማሪው ሁሉን ነገር ከባዶ እንዳይጀምር፣ ሌላው የሠራውን ወስዶ ከራሱ ሥራ ጋር እንዲያያይዝ ነው ያስተማሩት። ለሁለተኛው ጥያቄያችን መልሱም እዚሁ ነው፤ ከአጠገቡ የባልደረቦቹ ሥራ አለ። ሆኖም በዚህ ዘመን ደራሲው አንባቢውን መረጠ ለማለት ያስቸግራል። ኮምፒውተሮች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ አንባቢውን የመረጠው የማሽኑ ብርቅነት ነው።

ማሽኖቹ ሲበራከቱ የመምረጥ ጭንቀት መጣ። በ1957 አሜሪካዊው ዳንኤል መክራክን ስለ ዲጂታል ኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሲጽፍ፣ የአንዱ ኩባንያ ማሽን ትእዛዛት ለሌላው ማሽን አይሠሩም ነበር። ስለ አንዱ ማሽን ቢጽፍ የሌላውን ማሽን አንባቢ ያጣል፤ ስለ ሁሉም ቢጽፍ ማንም አይከተለውም። መፍትሔ ያደረገው በየትም የሌለ ማሽን መፈልሰፍ ነበር፤ ስሙንም «ታይዳክ» አለው። የብዙዎቹን ማሽኖች ጠባይ ያሰባሰበ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው። ብልህ ዘዴ ነበር፤ ዋጋ ግን አስከፍሏል። ተማሪው በመጽሐፉ የተማረውን ከፊቱ ባለው ማሽን ላይ እንዳለ ሊያስኬደው አይችልም፤ መጀመሪያ ወደ ማሽኑ ቋንቋ መመለስ አለበት። ለሁሉም የሚሆን መጽሐፍ ለማንም ሙሉ በሙሉ የማይሆንበትን ምክንያት ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። መክራክን በ1961 ስለ ፎርትራን የጻፈው መመሪያ ከዚህ ችግር ተላቅቋል። ፎርትራን በልዩ ልዩ ማሽኖች ላይ መሥራት የጀመረ ቋንቋ በመሆኑ፣ ደራሲው ማሽኑን ትቶ ሰውየውን መምረጥ ቻለ። የመረጠውም ፕሮግራም መጻፍን ሙያው ሊያደርግ የማይፈልገውን፣ ስሌቱ እንዲደርስለት ብቻ የሚሻውን መሐንዲስና የሳይንስ ሰው ነበር።

ቀጥሎ የማነሣው ታሪክ የተለመደውን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት በሚገኘው ዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከኮሌጁ ተማሪዎች አብዛኞቹ የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች አልነበሩም። እነዚህ ወጣቶች ነገ በመንግሥትና በንግድ ዓለም ስለ ኮምፒውተር የሚወስኑ ሰዎች ይሆናሉ፤ ታዲያ አንድም ቀን ሳይነኩት እንዴት ይወስናሉ? በወቅቱ ፕሮግራም መጻፍ ማለት ካርድ አስበስቶ ማስረከብና ብዙ ጊዜ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ነበር። አንዲት ነቁጥ ብትሳሳት ደግሞ ሌላ ቀን ይጠበቃል። ለታሪክ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህ በር እንደተዘጋ ይቆጠራል።

ኬሜኒና ከርትዝ ለእነዚህ ተማሪዎች ቀለል ያለ መጽሐፍ በመጻፍ አልተወሰኑም፤ ነገሩን ራሱን ለወጡት። ብዙ ተማሪዎች በየቴሌታይፑ ተቀምጠው አንዱን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጋሩበትን ሥርዓት ከተማሪዎቻቸው ጋር ዘረጉ። ቤዚክ የተባለውንም ቋንቋ ቀረጹ። ግንቦት 1 ቀን 1964 ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ የመጀመሪያዎቹ የቤዚክ ፕሮግራሞች ሠሩ። ተማሪው ወደ ማሽኑ ሲገባ በእንግሊዝኛ የሰላምታ ቃል «ሄሎ» ብሎ ይጽፋል፤ ሲወጣ «ጉድባይ» ይላል። መልሱንም ከማግስቱ ሳይሆን ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ያገኛል። አጭር መመሪያ የበቃውም ስለዚህ ነው። መመሪያው ሊያብራራው ይገባ የነበረውን ብዙ ውስብስብ ነገር ቋንቋው አስቀድሞ አስወግዶታል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከመጽሐፍ ዕቅድ ያለፈ ነው። አንድን ነገር ለጀማሪ ለማስረዳት አሥር ገጽ ከፈጀ፣ ጥፋቱን በአንባቢው ላይ ከማሳበባችን በፊት ነገሩ ራሱ በደንብ የተሠራ መሆኑን መጠየቅ ይገባናል። ዳርትመዞች አንባቢውን አስቀድመው መረጡ፤ ማሽኑንና መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ለእርሱ ልክ አበጁ።

ቤዚክ ከኮሌጁ ግቢ ወጥቶ ሲስፋፋ አንባቢው ይበልጥ ወጣት ሆነ። በ1972 በካሊፎርኒያ ቦብ አልብረክት ርእሱ «ቤዚክ ስናገር ኮምፒውተሬ ይወደኛል» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ማተም የጀመረውም «የሕዝብ ኮምፒውተር ኩባንያ» የተባለው ጋዜጣ፣ ኮምፒውተር ሰውን መቆጣጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ሰውን የሚያገለግል መሣሪያ እንዲሆን ይሰብክ ነበር። አልብረክት የመረጠው አንባቢ ልጅ ነው፤ ከልጁም ጋር ከልጁ በጥቂት ቀን ብቻ የሚቀድመው መምህር አለ። በ1973 ደግሞ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የትምህርት ክፍል ይሠራ የነበረው ዴቪድ አል 101 የቤዚክ ጨዋታዎችን ሰብስቦ አሳተመ። መጽሐፉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ አያስተምርም። አንባቢው ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ይገለብጣል፤ አንድ ፊደል ሲስት ጨዋታው አልሄድ ይለዋል፤ ስሕተቱን ሲያድን ሳያውቀው ይማራል። ለግል ኮምፒውተሮች ተስተካክሎ በ1978 የወጣው እትሙ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ በመሸጥ የመጀመሪያው የኮምፒውተር መጽሐፍ እንደሆነ ይነገርለታል። የአንባቢው ፍላጎት መጫወት መሆኑን መቀበል እንደ ውርደት ያልታየበት መጽሐፍ ነው።

በዚያው በ1978 ፍጹም ተቃራኒ የሆነ መጽሐፍ ታተመ። ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ የጻፉት ነው። 228 ገጽ ብቻ ያለው ይህ መጽሐፍ በመቅድሙ አንባቢው ስለ ፕሮግራም መሠረታዊ እውቀት እንዳለው እንደሚገምት በግልጽ ይናገራል፤ ፍጹም አዲስ የሆነውን ሰውም የተሻለ የሚያውቅ ባልደረባ እንዲረዳው ይመክረዋል። በሌላ አነጋገር፣ የኔታህን ይዘህ ና ይለዋል። ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ እንዲያውም ለክብሩ ነው። አንባቢውን በበሩ ላይ ያሰናበተ መጽሐፍ አላታለለውም። የሚጎዳው «ምንም ቅድመ እውቀት አያስፈልግም» ብሎ አስገብቶ በሦስተኛው ምዕራፍ የሚተወው ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የዘጋ ተማሪ መጽሐፉን አይወቅስም፤ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ራሱን ያሰናብታል።

ወደ ብሪታንያ እንሻገር። በ1978 ቢቢሲ የማይክሮ ቺፕን መምጣትና በሥራ ላይ የሚያስከትለውን አደጋ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ካቀረበ በኋላ በሀገሪቱ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ቢቢሲ የኮምፒውተር ትምህርት ዘመቻ አቀደ። ቢቢሲ ማይክሮ የተባለውን ኮምፒውተር አኮርን የተባለው ኩባንያ እንዲሠራው ተደረገ፤ ተከታታይ የቴሌቪዥን ትምህርቱም በጥር 1982 ጀመረ። ዕቅድ አውጪዎቹ በመጀመሪያ 12,000 ያህል ማሽን ይበቃል ብለው ነበር፤ በመጨረሻ የተሸጠው ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ስለ አንባቢው የነበራቸው ግምት ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ይህ ልዩነት ይመሰክራል።

ከዘመቻው መጻሕፍት መካከል ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመው ብሔራዊ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ በ1981 ያሳተመው፣ ክላይቭ ፕሪግሞር የጻፈው «የ30 ሰዓት ቤዚክ» ነው። አንባቢው ቀን ሥራ ውሎ ማታ በቤቱ የሚማር ጎልማሳ ነው። መምህር የለውም፤ ምናልባት ኮምፒውተሩም ገና አልተገዛም። እንዲህ ያለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ጊዜው ነው። ርእሱ የሚጠይቀውን ሰዓት በቁጥር መናገሩ አንባቢው ከምሽቱ ላይ ምን ያህል መክፈል እንዳለበት አስቀድሞ ያሳውቀዋል። የርቀት ትምህርት መምህራን ጥያቄውንና መልሱን አብረው የሚያቀርቡትም ስለዚሁ ነው፤ ማታ ብቻውን የተቀመጠ ሰው መልሱ ትክክል መሆኑን የሚነግረው ሌላ የለም።

እስካሁን ያየናቸው ደራሲዎች ሁሉ፣ ስለ አንባቢው ማንነት ቢለያዩም፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጀማሪው መማር ይፈልጋል ብለው ያምናሉ። ይህን እምነት ያናጋው በ1991 የታተመው የዳን ጉኪን መጽሐፍ ነው። ርእሱ «ዶስ ፎር ደሚስ» ይባላል፤ በአማርኛ «ዶስ ለደደቦች» እንደ ማለት ነው። ስያሜው የመጣው አንድ ደንበኛ በመደብር ውስጥ ከሁሉ የቀለለ የዶስ መጽሐፍ ሲጠይቅ በራሱ ላይ ቀልዶ ከተናገረው ቃል እንደሆነ ይተረካል። መጻሕፍት ሻጮች ርእሱ ደንበኛን ይሰድባል ብለው ፈርተው ነበር። የመጀመሪያው ኅትመትም 7,500 ቅጂ ብቻ ነበር።

የጉኪን አንባቢ ሳይጠየቅ በጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር የተቀመጠበት የቢሮ ሠራተኛ ነው። የሒሳብ መዝገቡን ወይም ደብዳቤውን መጨረስ እንጂ ዶስን ማወቅ አይፈልግም። ዲስኬት ሳያስገባ ቢያዝዘው ማሽኑ «አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሦስቱም ምርጫዎች ጥፋተኛ ያስመስሉታል። መጽሐፉ ከዚህ ሰው ጋር ወግኖ ማሽኑን ይወቅሳል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መነበብም አልታሰበለትም፤ አንባቢው የቸገረውን ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ መልሶ እንዲዘጋው ነው የታቀደው። ቴክኒካዊው ማብራሪያ በኅዳጉ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ምልክቱም መዝለል እንደሚቻል ይነግረዋል። ርእሱ ቢሰድበውም ውስጡ አከበረው። ከዚህ መጽሐፍ የተነሣው ተከታታይ ከኮምፒውተር ዘርፍ አልፎ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ሙዚቃ ሁሉ እስከ መጻፍ ደርሷል።

ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ በስኬቱ ብቻ ሊቆም አይገባውም። የ1964ቱን የዳርትመዝ ተማሪና የ1991ዱን የቢሮ ሠራተኛ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የመጀመሪያው መጽሐፉን ሲጨርስ ማሽኑን ያዝዛል፤ የራሱን ፕሮግራም ይጽፋል። ሁለተኛው ከማሽኑ ቁጣ አምልጦ የዛሬን ሥራ ይጨርሳል። በሁለቱ መካከል ባሉት 27 ዓመታት «ኮምፒውተር ማወቅ» የሚለው ሐረግ ፕሮግራም ከመጻፍ ወደ መጠቀም ተለውጧል። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረ፤ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች በገበያ ሞልተው ነበርና። ነገር ግን አንባቢን መምረጥ ያ አንባቢ ነገ ምን መሆን እንዳለበት መወሰንም እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። የቀለለ መጽሐፍ ሁሉ ለአንባቢው የሚራራ አይደለም፤ አንዳንዱ አስቀድሞ ተስፋ ቆርጦበታል።

በመጨረሻ ይህ ታሪክ ለዚህ አዳራሽ ያለውን ትርጉም ልናገር። በአማርኛ ለጀማሪዎች የሚጻፍ የኮምፒውተር መጽሐፍ ከተጠቀሱት ደራሲዎች አንዳቸውንም ያላጋጠማቸው ችግር አለበት። እነርሱ የጻፉበት ቋንቋና ማሽኑ የሚናገርበት ቋንቋ አንድ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸው የፊደል ቁጥር ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። የመክራክን የ1957 ጭንቀት በእኛም ቤት ነበር ማለት ነው።

ያ ችግር ቢቃለልም ሌላው አለ። አንባቢው በስክሪኑ ላይ የሚያየው የትእዛዝ ቃል በእንግሊዝኛ ከሆነ ደራሲው ምን ያደርጋል? ቃሉን «አስቀምጥ» ብሎ ቢተረጉመው አንባቢው ትርጉሙን ያውቃል፤ በስክሪኑ ላይ ግን ቃሉን ፈልጎ አያገኘውም። «ሴቭ» ብሎ በፊደላችን ቢጽፈው ድምፁን ያውቃል፤ የላቲን ፊደል ካልቆጠረ አሁንም አያገኘውም። የምስሉን ቅርጽና ቦታ ቢያሳየው ያገኘዋል፤ ፕሮግራሙ ሲታደስና ምስሉ ሲለወጥ ግን መጽሐፉ ይከዳዋል። ይህ የትርጉም ጥያቄ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ በእርግጥ ግን የአንባቢ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ለሠልጣኝ መምህሩ፣ ሁለተኛው እንግሊዝኛ ለጀመረ ተማሪ፣ ሦስተኛው አማርኛ ብቻ ለሚያነብ እናት ወይም ነጋዴ ይስማማል። ሦስቱንም በአንድ መጽሐፍ ለማስተናገድ የሚሞክር ደራሲ ታይዳክን እንደገና ይፈለስፋል።

በሀገራችን ታሪክ ለዚህ ምርጫ ትልቅ ምሳሌ አለን። በ1979 የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ሰጥቷል። በስንት ቋንቋ እናስተምር የሚለው ጥያቄ የኅትመት ወጪ ጥያቄ ሊመስል ይችል ነበር። የተወሰነው ግን ማን ተማሪ ሆኖ እንደሚቆጠር ነው። ዛሬም ብዙ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚተዋወቀው በእጅ ስልኩ አማካይነት በሆነበት ዘመን፣ «መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አብሩ» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ አንባቢውን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መርጧል፤ ሌላውንም ትቷል።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚያስብ ቢኖር፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ለራሱ ብቻ አንድ ገጽ ይጻፍ እላለሁ። በዚያ ገጽ ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው ይኑር። ያ ሰው ምን ያውቃል? ሲቸግረው ማንን ይጠራል? በሚመጣው ሳምንት በማሽኑ ምን ሊሠራ ይፈልጋል፤ ከዓመት በኋላስ ምን ሊሠራ ይችል ዘንድ እንመኝለታለን? ከዚያም በገጹ ግርጌ መጽሐፉ የማይሆናቸውን ሰዎች ይዘርዝር፤ ዝርዝሩንም ሳይደብቅ በመቅድሙ ይንገራቸው። እነርሱ ሌላ መጽሐፍ ይጠብቃሉ፤ ያንን ደግሞ ሌላው ይጽፈዋል። የኔታ የሌለው አንባቢ ግን መጽሐፉ ስለ እርሱ አስቦ እንደሆነና እንዳልሆነ በመጀመሪያው ገጽ ያውቃል፤ ካላሰበለት ዘግቶት ይሄዳል፤ ለምን እንደሄደም ተመልሶ አይነግረንም።